የአውራ ጣቷ ቦታ

ዙትፈን፣ አርብ ኤፕሪል 27 ቀን 2018

ውድ ሚንኬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እህትሽ ኤልስስ? ዳሌዋ ድኖላት በምርኩዝ መራመድ ጀመረች ማለትሽ አስደስቶኛል፤ ንገሪልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ድመቷም ደህና ናት። ያንቺ ወንበር ላይ ነው የምትተኛው፤ ሳባርራት ተመልሳ ትወጣለች፣ አሁንማ ትቻታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ አንጀቴ እርር ብሏል። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ፣ ፎቶውንም አየሁት። "የኤልስ ጎረቤት፣ ኢምሮ የሚባል ጡረታ የወጣ አናጢ፣ አዲስ የቁልፍ መያዣ እጀታ ሠራልኝ። በእሱ የመለማመጃውን ጓጉንቸር በዘጠኝ ደቂቃ ከፈትኩት። አንተ ሌላ በመሥራት አትድከም፤ ለጁኑ የጓጉንቸር መክፈት ውድድር መምጣቴንም ገና አላወቅኩም" ትያለሽ። አትድከም! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በማን እጀታ ነው ስትወዳደሪ የኖርሽው? በአስራ አራት ደቂቃ ከፍተሽ ዋንጫ ስትወስጂ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ባሬንት ባይኖር" ያልሽው ማንን ነበር?

እጀታውን ፎቶው ላይ ደህና አድርጌ መረመርኩት፤ በአጉሊ መነጽር ጭምር። እንጨቱ ያምራል፣ አልክድም። እንዲህ ያለ ዝንጉርጉር እንጨት አንቺ ባለሽበት ፓራማሪቦ ሞልቷል፤ እኔ እዚህ ከየት ላምጣ? ግን ጎኑ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ነገር ምንድን ናት? አይጥ የበላችው ነው የሚመስለው። አናጢ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል? ደግሞስ ይህ ሰውዬ ሚስት የለውም? በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ሚስት እጅ ሲለካ የሚውለው ሥራ ፈት ነው እንዴ?

እልህ ያዘኝ። ዛሬ የንጉሡ ልደት ነው፤ ከተማው በሙሉ ብርቱካናማ ለብሶ የጓዳውን ዕቃ ለሽያጭ መንገድ ላይ ዘርግቷል። እኔም በማለዳ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ዘንድሮ ዓለም አይቶት የማያውቀውን እጀታ ልሠራልሽ ቆርጬ ነበር የተነሳሁት። ከወንዙ ዳር አንድ ሰውዬ የዛገ ብስክሌት እየበታተነ ሲሸጥ አገኘሁት፤ መሪውን የሚይዘውን አንገት ወሰድኩ። ቡሎኑ ደህና ነው፤ ቁልፉን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ከበላዩ የሚሆነው እንጨት ጎረቤታችን የቆረጠው የፒር ፍሬ ዛፍ ግንድ ነው፤ ሼዱ ውስጥ ሁለት ዓመት ሲደርቅ ከርሟል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ደግሞ አንዲት ሴትዮ የሟች አባቷን የሰዓት ሠሪ ሞረዶች ዘርግታ ተቀምጣለች። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ፣ ጥርሳቸው ለዓይን የማይታይ። አንዱን አንስቼ ወደ ፀሐዩ አዞርኩት።

"ለምን ይሆንሃል?" አለችኝ።

"ያለ ቁልፉ ጓጉንቸር ለመክፈት።"

"እንዴ! ሌባ ነህ?"

"ሌባ ቁጭ ብሎ ሲሞርድ ይውላል? ጨዋታ ነው እኮ፤ የምንከፍተውም የራሳችንን ጓጉንቸር ነው" አልኳት። "ጥርስ ያልወጣለት የነሐስ ቁልፍ ትከቻለሽ፣ ትጠመዝዣለሽ፤ የጓጉንቸሩ ሆድ ዕቃ ነሐሱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ምልክት ይተዋል። ምልክቷ ያለችበትን ብቻ ትሞርጂና ትመልሻለሽ። እስኪከፈት ድረስ እንዲህ ነው።"

"ምልክቷ ካልታየችስ?"

"ካልታየች አይሞረድም። በግምት የሞረደ ቁልፉን አበላሸ።"

"የምትከፍተው አንተ ነህ?"

"ሚስቴ ናት። እኔ መሣሪያዋን ነው የምሠራላት።"

"አቤት ስትታደል!" አለች። "አሁንማ ሌላ ሠሪ አግኝታለች" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሞረዶቹን ገዝቼ ገባሁ። አሁን ሥራ ልጀምር ነው። ኢምሮሽ ጉዱን ያያል።

እሁድ

ሚንኬ፣ ከላይ ያለውን ልቀደው ነበር፤ ተውኩት። ምን ያህል ጅል እንደሆንኩ አንብቢው።

ትናንት ከሰዓት የክለብሽ ፍሬርክ መጣ። ከውድድር በፊት ማንኛውንም አዲስ እጀታ የክለቡ ሰው ይሞክረው የለ? እሱም ሊሞክር ነው። እጀታውን ከሞርሳው አውጥቼ ሰጠሁት። ጠመዘዘው፣ አገላበጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩትን እንጨት በጉንጩ ዳሰሰው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይሄማ ጌጥ ነው" አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሱፏን የቱ ጋ ትለጥፋት ይሆን?"

"የምን ሱፍ?"

ያቀረብኩለትን ብስኩት አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ፍሬርክ፣ ተናገር እንጂ!"

"እንዳይሰማ ብላናለች እኮ። በቃ፣ የዕቃ ሳጥኗን ክፈተው" አለኝ።

ከፈትኩት። ከነሐስ ቁልፎቹ ስር፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ የአውራ ጣት የምታህል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አገኘሁ፤ ጀርባዋ ላይ ማጣበቂያ አላት። ሱፏን አወቅኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ድመቷ በላችው ብዬ ስረግማት የኖርኩት የቤት ጫማዬ ቁራጭ ናት!

ፍሬርክ የቀረውን ነገረኝ። የአውራ ጣትሽ መገጣጠሚያ ማመም ከጀመረሽ ዓመታት ሆኖታል አሉ። ክለብ ስትደርሺ ሱፏን ትለጥፊያለሽ፤ ወደ ቤት ከመምጣትሽ በፊት ትልጫታለሽ። "ባሬንት ይህን እጀታ ሲሠራ ሳምንት ሙሉ አልተኛም፤ ቅር ይለዋል" ብለሻቸዋል። ክለቡ በሙሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ።

ሱፏን ወስጄ ከፎቶው ጋር አስተያየኋት። ያቺ አይጥ የበላቻት ያልኳት ጎድጓዳ፣ ቦታዋ ልክ ፍሬርክ በጣቱ ያሳየኝ የሱፏ ቦታ ነው። ቅርጿም ያው ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከክለብ ስትመለሺ በሩ ላይ ጠብቄ "እጀታው እንዴት ነበር?" እልሽ ነበር። "ጥሩ ነው" ትይኛለሽ። አስራ አንድ ዓመት የጠየቅኩሽ ስለ እጀታው ነው። ስለ እጅሽ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ያ ሰውዬ ግን ጠየቀሽ አይደል? "እመቤት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" ብሎ ይሆናል። ይኸው ነው ሙያው።

ቅናቴ የቀለለኝ እንዳይመስልሽ፤ ብሶብኛል። አርብ ዕለት የቀናሁት በእንጨቱ ነበር። ዛሬ የምቀናው በጥያቄው ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ከወንዝ ዳር ገበያ አይገዛም።

አዲሱ እጀታ ሞርሳው ላይ ነው። አንድ ጎኑን ለአውራ ጣትሽ ሳልቦረቡረው ትቼዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባዶ ወረቀት አለ። እጅሽን አስቀምጪና በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪው፤ የሚያምሽ ቦታ ላይ ነጥብ አድርጊ። ትንሽም ብትሆን፣ ከአንድ በላይም ቢሆን፣ አትደብቂኝ። ነጥቡን ሳላይ አልሞርድም።

ለውድድሩ ከመጣሽ በኢምሮ እጀታም ቢሆን ተወዳደሪ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጭባለሁ፤ ፊቴን ግን አትዪ። ለኤልስ ጤና ይስጥልኝ። አንቺንም ከሙቀቱም ከትንኙም ይጠብቅልኝ፤ እጅሽን ከሁሉም በላይ።

ወረቀቱን በፖስታ መላክ ይቻላል። ይዘሽው ብትመጪ ግን ይሻለኛል።

ያንቺው
ባሬንት