ለእንግዳዋ ራሴ መለስኩ

እሑድ፣ ኅዳር 7

ፊደል ሳልቆጥር ያረጀሁት በታላቅ ወንድሜ በወልዴ ነው። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን!» ብሎ አባታችንን ያሳመነው እሱ ነበር። ዛሬም ታቦር ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ አፉ አላረፈም።

የመጀመሪያ ልጄ አልማዝ አብራት የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ ይዛ መጥታ ነበር። እንግዳዋ ስንት ልጆች እንዳሉኝ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ ወልዴ እንደ ልማዱ ቀደመኝና «ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት» ብሎ መለሰላት። ሁለቱ ሴቶች ለእሱ ከቁጥር አይገቡም። አልማዝ እንግዳዋ ፊት አንገቷን ደፋች።

በአማርኛ «አምስት ልጅ» ማለት ይበቃል። በእንግሊዝኛ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ስም መብዛት እንዳለበት በስተርጅና በጀመርኩት የማታ ትምህርት ተምሬአለሁ። «ፋይቭ ችልድረን» አልኩ። አልማዝን እያሳየሁም «ማይ ፈርስት ዶተር»፣ የመጀመሪያዋ ሴት ልጄ ለማለት፣ ብዬ ጨመርኩ። ቃሉን አልሳትኩም።

«በላይነሽ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ነው ፈረንጅ የሆንሽው?» ብሎ ሳቀ ወልዴ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ልጆቼን መቁጠር ሲያቅትዎት ነዋ!»

አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ከእንግዲህ ስለ ልጆቼ ስጠየቅ የወልዴን አፍ አላይም።