ከመቶ በላይ የተከተቡት አራቱ

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለአቶ ምናሴ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወደ ሐይቁ የሚያየው አዲሱ ቢሮዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ የደንገል በር ሰዎች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ የቀረነው ደኅና ነን።

እኔ ከባሕር ዳር በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ጣና ዳር በተተከለችው ደብር ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃናትን ያጠመቅሁ ቄስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁትም ባለፈው ሳምንት የላኩልንን የምስክር ወረቀት አይቼ ነው። ቀበሌያችን በሕፃናት ክትባት መቶ አራት በመቶ እንዳከናወነች ይናገራል፤ ማኅተሙም ያምራል። እኔ የተማርሁት ቆጠራ መቶ ላይ ስለሚያበቃ፣ ከመቶው በላይ ያሉት አራቱ ልጆች የማን ልጆች ናቸው እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። እንግዲህ ለዚህ ውጤት ያበቁንን ውለታዎችዎን በተራ ቁጥር ላመስግን።

፩ኛ. እሑድን ስላስከበሩልን አመሰግናለሁ። እርስዎ የከተማ ሰው ነዎትና ዘንግተውት ይሆናል እንጂ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ እስከዚያ እናቲቱ ከቤቷ አትርቅም። የመጀመሪያው ክትባት ደግሞ በአርባ አምስት ቀን ነው። ወንዶቹ በተጠመቁ በአምስተኛው ቀን ጤና ኬላ ይደርሳሉ፤ የሴቶቹ ቀጠሮ ግን ገና በአራስ ቤት ሳሉ ያልፋል። እናቲቱም ቀኑ አንዴ ካለፈ ምን ብዬ እሄዳለሁ ብላ፣ ቁጣም ፈርታ፣ በዚያው ትቀራለች።

ይህን ያስተዋለችው የጤና ኬላችን ነርስ፣ ሲስተር የብርጓል ናት። ልጅቱ እናቶቹን አልተቆጣችም፤ በረዶ የተሞላች ሰማያዊ ሣጥኗን ተሸክማ እሑድ እሑድ ደጀ ሰላም፣ ከዋርካው ሥር በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመረች። እኔ ሜሮን ቀብቼ ሳሰናብት እናቶቹን ወደ እሷ እመራለሁ፤ እሷም የቀረውን ትፈጽማለች። በሁለት ዓመት አንዲትም ሴት ልጅ አላመለጠችንም። እርስዎ ግን ይህ ጆሮዎ ሲገባ፣ እሑድ የሥራ ቀን አይደለም፣ ደጀ ሰላምም በዕቅድ የተያዘ የክትባት ጣቢያ አይደለም ብለው በቁጥር ደብዳቤ አገዱት። ክትባቱ የሚቀመጥበትን የማቀዝቀዣ ቁልፍም ከሲስተር አስወስደው ለንብረት ክፍል ሠራተኛዎ ሰጡት። ቁልፉ አሁን በሰውዬው ኪስ ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ያድራል፤ ወደ እኛ የሚመጣው በወር አንድ ማክሰኞ ብቻ ነው። እርስዎ እሑድን እንዲህ ሲያከብሩ እኛ ካህናቱ አፍረናል።

፪ኛ. ባለሙያዎችን ለመደገፍ ብለው በባሕር ዳር ሆቴል ስላዘጋጁት የሦስት ቀን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ሲስተር በዋዜማው በስልክ ተጠርታ በጀልባ ሄደች። አንድም ሕፃን እንዳያመልጠን የሚል ጨርቅ ከግድግዳው ተሰቅሎ ነበር አሉ። እሷም እጇን አውጥታ፣ ዛሬ እኮ የደንገል በር የክትባት ማክሰኞ ነው ብትል፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው ተባለች።

በዚያው ማክሰኞ ማህሌት የምትባል ምእመን፣ ከሁለት ቀን በፊት ያጠመቅሁላትን ልጇን ጸሎትን አዝላ፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ጤና ኬላው ደረሰች። በሩ ላይ ሲስተር ለሥልጠና መውጣቷን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ ስለማትችል እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጣ ጠበቀች። ቀጣዩ ማክሰኞ በወሩ ነበር።

፫ኛ. ሲስተር ሥልጠና ላይ ነች ብለው የወሩን ሪፖርት ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ ስለሞላላት አመሰግናለሁ። ይህስ የወላጅ ሥራ ነው። ሲስተር ግልባጩን አምጥታ አሳየችኝ። ጸሎት፣ ሴት፣ ተከትባለች ይላል።

ተከትባለች የተባለችው ጸሎት ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ትክትክ ያዛት። ክቡርነትዎ ትክትክ የያዘው ጨቅላ ሲያስል ሰምተው ያውቁ ይሆን? ሳሉ ያልቅና ትንፋሽ ለመመለስ አየሩን ሲስብ የሚወጣ ድምፅ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፤ የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ጀልባ እስኪገኝ አልቆየችም። በተወለደች በሦስት ወር ከዐሥር ቀኗ፣ ባጠመቅኋት እጄ ፈትቼ ቀበርኋት። አንድ መርፌ ታድናት ነበር ብዬ አልምልም፤ ሲስተርም አትምልም። ግን ያንን እንኳ እንዳናውቅ ሆንን።

ከዚያ ወዲህ በቅዳሴ መካከል ያንን ድምፅ ከዋርካው በኩል እሰማለሁ። ዲያቆኑን ማን ነው የሚያስለው ብዬ ብጠይቀው ማንም የለም ይለኛል። እናቶቹም ልማድ ሆኖባቸው ልጅ ካስጠመቁ በኋላ ከዋርካው ሥር ይቆማሉ፤ ባዶውን በርጩማ አይተው፣ ወደ ሐይቁ አይተው ይበተናሉ። እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልደፍርም።

፬ኛ. ይህኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም። የእገዳው ደብዳቤ የመጣ ዕለት ሲስተር ወደ እኔ መጥታ፣ አባ፣ እርስዎ የደብሩ አባት ነዎትና አንድ ቃል ይጻፉልኝ ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን ሹም ያለውን መስማት ነው ልጄ አልኋት። አልፌም ደብዳቤዎን በዐውደ ምሕረት በራሴ አንደበት አነበብሁት። ድምፄ መልካም ነውና ሁሉም ሰማኝ። ከሳሉ ይልቅ አሁን የሚያሳድደኝ ያ የራሴ ድምፅ ነው። ያኔ ያልጻፍሁትን ይኸው ዛሬ፣ አንድ ልጅ ቀብሬ፣ እጽፋለሁ።

ነገር ቢበዛ ባህያ አይጫንም፤ ሆኖም አንዲት ምስጋና ቀርታኛለች። ከቀብሩ በኋላ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ልከው ልጆቻችሁን አስከትቡ ብለው አስለፈፉልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን እንዲህ አልልም። ለሲስተር የብርጓልም ማኅበረሰቡን አላነቃሽም የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ድጋፍዎ እንዲህ ከሆነ ቅጣትዎን አያሳየን።

ልመናዬ አንድ ነው። የፊታችን እሑድ ዜማ የምትባል ልጅ ሰማንያ ቀኗን ትሞላለች። ሣጥኗም፣ በርጩማዋም፣ ሲስተርም አሉ፤ የጎደለው ቁልፉ ነው። እባክዎ ቁልፉን ለሲስተር ይመልሱላት። ባይመልሱላትም እሑድ ከዋርካው ሥር ከእሷ ጋር እቆማለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉም ቁልፉ የት እንዳለ እናገራለሁ፤ እንደሚያውቁት ድምፄ መልካም ነው።

ሥልጣንዎን የሚያከብር፣ ዕድሜዎን የሚለምን፣ በሪፖርትዎ የሚደነቅ፣ በክትባት ጉዳይ ከእርስዎ ብዙ የተማረና የተማረውን መርሳት ያቃተው፣

ቄስ መርስዔ ኀዘን ወልደ ዮሐንስ
ደንገል በር፣ ጣና ዳር

ማስታወሻ፦ ለምእመናን ይነበብ ብለው ስላዘዙ፣ የምስክር ወረቀቱን ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አነበብሁ። መቶ አራት በመቶ የሚለው ላይ ስደርስ ማህሌት ከሴቶቹ በኩል ተነሣች። «አባ፣ የኔዋ ከመቶው ናት ወይስ ከአራቱ?» አለችኝ። መዝገቡ በእርስዎ እጅ ስለሆነ፣ መልሱን ከቁልፉ ጋር ይላኩልኝ።