አይጥ አትስልም

ወዳጄ፣ ፖስት ካርዱ ላይ የምታየው ባሕር ከማድርበት ቤት ሁለት ፌርማታ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን እስካሁን አላየሁትም። ቀኑን የምውለው መስኮት በሌለው የምርምር ክፍል፣ ከአይጦች ጋር ነው። ከብት እያሳለ የሚገድለውን ቫይረስ በአፍንጫቸው ጠብ እናደርግና ጠዋት ጠዋት እንመዝናቸዋለን። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንል የለ? እዚህ ላም በሳለች አይጥ ተመታች።

ዛሬ አንዷ ጸጉሯ ቆሞ፣ ተኮራምታ ጥግ ይዛለች። ዝም ብዬ ሳያት አለቃዬ «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«እስክትስል ነዋ።»

«አይጥ አትስልም፤ ጸጉሯ ከቆመ ታማለች። አታሰቃያት» ብላ መርፌውን ሰጠችኝ። ስወጋት አይጧ እጄ ላይ ጸጥ አለች።

የእናትህ የእማማ ጥጃ ትዝ አለችኝ። እሷም እንዲሁ ጸጉሯ ቆሞ ጥግ ስትይዝ፣ «ሳል የላትም፣ ብርድ ነው፣ ይለቃታል» ያልኩት እኔው የከብት ሐኪሙ ነኝ። በሳምንቱ ከብቱ አልቆ በረቱ ባዶ ቀረ። እማማ ግን እስከ ዛሬ «ከላይ የመጣ ነው» እያሉ ይመርቁኛል።

ቦታው አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ለእማማ ጽሑፉን አታንብብላቸው፤ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያው ባሕሩን ብቻ አሳያቸው።