ዶክተር ዲንቄ በዳዳ፣ ተመራማሪ

የእንጦጦ ግርጌ የሕክምና ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች መረዳጃ ዕድር የዶክተር ዲንቄ በዳዳን ሞት ለአባላቱ፣ ለባልደረቦቻቸውና ለሚያውቋቸው ሁሉ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ዶክተር ዲንቄ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ቀበና በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በአርባ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል።

ትናንት በጣቢያው ሰሌዳ ላይ የወጣው ማስታወቂያ «የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ» ብሏቸዋል። ግምጃ ቤት መሥራት ነውር የለበትም። የእሳቸው ሥራ ግን ሌላ ስለ ነበር፣ ዕድሩ የአገልግሎት ታሪካቸውን እንዲህ ያቀርባል።

በ1967 ዓ.ም. ወደ ጣቢያው ሲመጡ የሴል ክፍል የሚባል አልነበረም። አሮጌ የመድኃኒት ማከማቻ አስጸድተው፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ጀመሩ። ሠራተኞቹን ያሠለጠኑት ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን ሴል ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ያየነው በዚያች ክፍል ነው።

ከ1971 እስከ 1974 ዓ.ም. አንድ ጥያቄ አጠኑ፤ ጀርም የሚውጡት የሰውነት ሴሎች የሚዋጠውን ከማይዋጠው በምን ይለያሉ? ከሾላ ዳቦ ቤት የሚመጣውን እርሾ ከሴሎቹ ጋር ሲያገናኙት፣ ሴሎቹ እየያዙ ይውጡታል። የእርሾ ውጫዊ ልባስ ማኖስ በሚባል ስኳር የተሞላ ነው። ዶክተር ዲንቄ በፈሳሹ ውስጥ ማኖስ ሲያሟሙ ሴሎቹ እርሾውን መያዝ ተዉ ለማለት ይቻላል፤ ጋላክቶስ የሚባለውን ስኳር ሲያሟሙ ግን እንደ ቀድሞው ዋጡ። ሁለቱ ስኳሮች የተሠሩባቸው አቶሞች በዓይነትም በቁጥርም አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በአቀማመጥ ነው። እንግዲያው በሴሉ ገላ ላይ ማኖስን ለይቶ የሚይዝ ተቀባይ አለ፤ የሟሟው ስኳር ቀድሞ ሲሞላው ለእርሾው ቦታ አይተርፍም። በራሳችን ሴሎች ላይም ማኖስ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌላ ስኳር ከላይ ይሸፍነዋል። በዚያው ሰሞን በውጭ አገር ላቦራቶሪዎችም ተመሳሳይ ውጤት እየወጣ ነበር፤ እሳቸው በራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

ዶክተር ዲንቄ የጠርሙሶቻቸውን ስም በአማርኛ ያስጽፉ ነበር፤ ዕቃ የሚያጥበውም ሰው ማንበብ አለበት ይሉ ነበር። ማኖሱ «ስኳር ሀ»፣ ጋላክቶሱ «ስኳር ለ» ይባል ነበር። በኅዳር 1975 ዓ.ም. የንብረት ቁጥጥር ኮሚቴ ጠርሙሶቹን አገኘ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሚታደልበት ጊዜ ስኳር ደብቀዋል ተብለው በሠራተኛው ስብሰባ ፊት ቆሙ። ከተሰብሳቢው አንዱ «ዶክተር፣ ሻይዎን በስንት ማንኪያ ነው የሚጠጡት?» ብሎ አሳቀ። እሳቸውም «ና ቅመሰው ልጄ፤ መጀመሪያ ይጣፍጥሃል፣ ቆይቶ ይመርሃል» አሉት። የቀመሰ የለም። ጠርሙሶቹ ተወረሱ፤ እሳቸውም ወደ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ለውሳኔው እጃቸውን ያላወጡ ሦስት የክፍሉ ሠራተኞችም ከማይክሮስኮፑ ተነሡ።

በ1976 ዓ.ም. የጥናቱ ሪፖርት ታተመ። የዶክተር ዲንቄ ስም የለበትም።

በግምጃ ቤትም ማስተማር አልተዉም። በምሳ ሰዓት ከመደርደሪያው የቆዳ ጓንት አውርደው፣ የቀኙን በግራ እጃችን ላይ ሊያጠልቁ ሞክረው አልገጥም ሲል፣ «አየሽ? ጓንቱ አልተበላሸም፤ እጅሽም አልተበላሸም» ይሉ ነበር። ተቀባይ ስኳሩን እንዴት እንደሚለይ የገባን ያኔ ነው።

ዕድሩ ስማቸው ወደ ሪፖርቱ እንዲመለስ ከዚህ በፊት ጠይቆ መልስ አላገኘም። አሁንም ይጠይቃል። የሰሌዳው ማስታወቂያም ይታረም።

ለባለቤታቸው ለአቶ ተክሌ፣ ለልጃቸው ለአስቴር፣ በጸሎት ላልተለዩአቸው ምእመናንና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ ቅዳሜ ይፈጸማል። በዕድራችን ልማድ በአበባ ጉንጉኑ ጥብጣብ ላይ የሟች ስምና ሥራ ይጻፋል። «ዶክተር ዲንቄ በዳዳ፣ ተመራማሪ» ብለን ጽፈናል። የመጨረሻው ቃል እንዲቀየር ከአስተዳደሩ በሰው ተነግሮናል። አንቀይረውም። ጉንጉኑን ከቤታቸው እስከ መቃብሩ የሚይዙት ከማይክሮስኮፑ የተነሡት ሦስቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ጥብጣቡም ቆሞ ለሚያይ ሁሉ እንዲነበብ ወደ ፊት ይዘረጋል።

ሚያዝያ 10 ቀን 1978 ዓ.ም.
ስለ ዕድሩ፣
ዘሀራ አብደላ
የዕድሩ ጸሐፊ፣ ከሦስቱ አንዷ