ሒሳቤን ስላገዱልኝ የቀረበ ምስጋና

ለባንካችን የአጠራጣሪ ዝውውሮች ክትትል ኃላፊ
ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ከቢሮዎ በር ላይ የቆመው የፕላስቲክ አበባ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ሒሳቤን ካገዱልኝ ወዲህ ይጠፋብኛል ብዬ የምሰጋለት ገንዘብ ስለሌለኝ እጅግ ደኅና ነኝ።

ረሆቦት እባላለሁ፤ የጎሮ ነዋሪ ነኝ። ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት የሕፃናት ካርቱን እሥላለሁ። ሌላው ዓለም ደመወዝ የሚቀበልባቸው መንገዶች እኛ ጋ ሲደርሱ ስለሚዘጉ፣ ድርጅቱ በስልኬ በሚቀመጥ ዲጂታል ዶላር ይከፍለኛል። እሱን መገናኛ ሰፈር የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው ጣሃ ከእኔ ይገዛና ብሩን በእናንተው ባንክ ያስገባልኛል። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሒሳቤን የሚያግዱበትን ቀን ስለመረጡልኝ አመሰግናለሁ። እኅቴ ዲና ምጥ ጠንቶባት፣ ሐኪሙ «በቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ለሁለቱም ያሰጋል» ብሎ፣ የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ «ዲፖዚት ሳይከፈል አይቻልም» ባለችበት ሰዓት ስልኬን ብነካካው «ሒሳብዎ ታግዷል» አለኝ። እናቴ ወይዘሮ እንቁ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ልጄ፣ ይኼን ያደረገው ሰው እኅት የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፪. ሰው እንዳውቅ ስላደረጉኝም አመሰግናለሁ። ለጣሃ ስደውልለት «የት ሆስፒታል ነው?» ብቻ ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሱቁን ቆልፎ፣ የዕለት ሽያጩንና ከጎረቤት ሱቆች የለመነውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ እያለከለከ ደረሰ። «ቆጥሬ ልቀበልህ» ስለው «መጀመሪያ እኅትሽ ትግባ» አለኝ። ያለ ፊርማና ያለ ዋስ ገንዘብ መስጠት ለባንክ ሥራ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ዲና ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

፫. ቢሮዎ ቀርቤ የገንዘቤን ምንጭ ሲጠይቁኝ የሣልኩትን፣ ጥርሱን የሚቦርሸውን አዞ አሳየሁዎት። «ይኼ ሥራ ነው?» ብለው ከአሠሪዬ ክብ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አዘዙኝ። አሠሪዬ እንዲህ ያለ ማኅተም አይታ ስለማታውቅ በሥዕል አስረዳኋት። ምስኪኗ አስቀርጻ፣ አትማ፣ በኢሜይል ላከችልኝ፤ እርስዎ «ኮፒ ነው» አሉ። ዋናው በፖስታ ሲመጣ ወደ ሕግ ክፍል መሩት፤ ሕግ ክፍል ወደ እርስዎ መለሰው። አሁን ደብዳቤዬ ሕንፃችሁን ከጥበቃዎቹ በተሻለ ያውቀዋል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ሌባ መኖሩን፣ ባንክም መጠንቀቅ እንዳለበት አይጠፋኝም። ጣሃ ያስገባው ብር የሌባ ከሆነ ያሳዩኝና ልፈር። ነገር ግን የእኅቴን ልጅ ባቀፍኳት ቁጥር «ጣሃ ስልኩን ባያነሳ ኖሮስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኝና ለእናቷ መልሼ እሰጣታለሁ።

ለጣሃ ያለብኝን በዚያው በዲጂታል ዶላር ከፍዬ ጨርሻለሁ። እርስዎን ማስቸገር አላስፈለገንም። እናንተ ጋ ያለው ብሬ ግን እስከ ዛሬ እንደታገደ ነው።

ኔትወርካችሁ እንዳይቆራረጥ፣ ሊፍታችሁ እንዳይቆም፣ ብሬም በእጃችሁ ሳለ መልካም ዕረፍት እንዲሆንለት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ረሆቦት መኩሪያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጨረሻ የተገናኘን ዕለት ደረጃው ድረስ ሸኝተውኝ፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ «ውጭ ለምትማረው ልጄ የምልከው ዶላር ባንካችን የለውም፤ ከዚያ ነገር ትንሽ ትሸጪልኛለሽ?» ብለው በሹክሹክታ የጠየቁኝን አልረሳሁም። መልሴ አልሸጥም ነው። በይፋ በማወጣው በዚህ ደብዳቤ ስምዎን ያልጻፍኩት ግን ፈርቼዎት አይደለም፤ ልጅዎ ታነበው ይሆናል ብዬ ነው።