ከቁንጫው ጀርባ ያለው ሰልባትዮ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ጉልበትህስ? ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርህ ወገብህ ዘንድሮ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አልሆንኩም» እያልክ ግድግዳ ይዘህ ትነሣለህ? እማዬ በስልክ «ደህና ነው» ትለኛለች፤ እሷ ግን አንተ ብትወድቅም «ጋደም አለ እንጂ አልወደቀም» የምትል ሰው ስለሆነች አላምናትም። ዓይንህስ እንዴት ነው? መነጽርህን ታደርጋለህ ወይስ አሁንም ደረት ኪስህ ውስጥ ከትተኸው ነው የምትዞረው? እኔ እጄ ላይ ካለችው ትንሽ የብየዳ ጠባሳ በቀር ሙሉ ነኝ። ናፍቆታችሁን ግን በምን እንደምበይደው እስካሁን አላወቅሁም።

ደብዳቤ ሲጻፍ አባት አንቱ እንደሚባል አልጠፋኝም። ግን አንቱ ስልህ የሰው አባት ትመስለኛለህ፤ ይቅር በለኝና እንደ ቤታችን ልጻፍልህ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ልብህ እንዳይሰቀል አንድ ነገር ላስቀድም። ልጅህ ቁንጫው ደህና ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችል ቢል አንተው ያወጣህለት ስም ይኸው እዚህ አገርም ተከትሎት መጥቶ የምንሠራበት ጋራዥ ሁሉ በዚያው ይጠራዋል፤ ትርጉሙን ግን አልነገርናቸውም። አሁን ከፊቴ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየገመጠ ነው። ለመለዋወጫ ዕቃ ሻጩ የምጽፍ መስሎት «ፍሬን ሸራ እንዳትረሺ» ይለኛል። እሺ ብዬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት «መኪና ልወዳደር ነው» ብሎ ሲደውልልህ፣ «ቤንዚን በጀርባህ አዝለህ ልትሮጥ? እስክታወርደው ድረስ ድምፅህን እንዳልሰማ!» ብለህ ዘጋህበት። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲደውል አንተ ወደ ግቢ እንደምትወጣ እማዬ ነግራኛለች። እሱ ጠላኝ ይላል። እኔ ግን ቁጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ አባዬ፤ ፍርሃት ነው። ጓደኛህ ከነቦቴው የተቃጠለ ዕለት ወደ ቤት መጥተህ ደጃፉ ላይ እንደቆምክ፣ ግባ ብትባል አልገባም ብለህ ያመሸኸውን አልረሳሁም። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረህ አታውቅም፤ እኛም ጠይቀንህ አናውቅም። ዕድሜህን ሙሉ ቤንዚን ስትጭን ለኖርከው ሰው በደፈናው «አይዞህ» ብልህ እንደማትሰማኝም አውቃለሁ። ስለዚህ ቤንዚኑ ከልጅህ ጀርባ እንዴት ሆኖ እንደተቀመጠ፣ ምን እንደደረሰበትም አንድ በአንድ ልንገርህ።

የመኪናዋ የራሷ ሰልባትዮ፣ ቤንዚን መያዣዋ፣ ለተራ መንገድ የተሠራ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትታጠፍ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከኋላ ብትመታ ደግሞ እንደ ጣሳ የሚጨማደድ ነው። ይህን አይቼ «ለውድድር ተብሎ የሚሠራውን ካልገጠምንላት እኔ አንዲት ብሎን አላጠብቅልህም» አልኩት። ተያይዘን ዕቃ ሻጩ ዘንድ ሄድን። ጠቡ የተጀመረው እዚያ ነው። ቁንጫው ትልቁን ሰልባትዮ አይቶ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ለመሙላት ሳይቆም ውድድሩን ሊጨርስ አምሮት። እኔ ትንሹን አልኩ። ሻጩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ «ባልና ሚስት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «ብንሆንማ እስካሁን ፈትቼው ነበር» አልኩት።

ለምን ትንሹን እንዳልኩ አንተ ወዲያው ይገባሃል። ትልቁ ከሻንሲው አልፎ ወደ ኋላ መከላከያው ይጠጋል፤ ማንም መጥቶ ቢገጨው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ትንሹ ግን በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መሃል ሽጉጥ ብሎ ይቀመጣል። ሻጩ በመሃል «ቀለል ያለም አለ» ብሎ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን አወጣ። በጣቴ አንኳኳሁትና መልሼ ሰጠሁት። የገዛነው ውጪው የብረት ሣጥን ሆኖ ውስጡ ወፍራም የጎማ ከረጢት ያለው ነው። ሣጥኑ ቢጨማደድ ከረጢቱ አብሮት ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይቀደድም። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ቤንዚኑ እንዳይንቦጫረቅ የሚይዘው ስፖንጅ አለ። መኪናዋ ብትገለበጥ መተንፈሻውን የሚደፍን ኳስም አለው። በእኛ ጊዜ ይህ ቢኖር ትል ይሆናል፤ እኔም ስገዛው ይህንኑ ነበር የማስበው። ቁንጫው መንገዱን ሙሉ አኩርፎኝ መጣ፤ ጋራዥ ስንደርስ ግን ማንም እንዲነካበት አልፈለገም፣ ራሱ ተሸክሞ አስገባው።

መግጠሙን ለእኔ ተወልኝ። የኋላውን ወለል ቆርጬ ከብረት ቱቦ ማቀፊያ በየድኩለት። ወለሉ ላሜራ ላይ ብቻ አስረው የሚለቁ አሉ፤ እኔ ግን ማቀፊያውን ከሻንሲው ጋር አያያዝኩት፣ ከላይም በብረት ቀበቶ ጠፈርኩት። ብረት ለብረት እንዳይፋጭ ከሥሩም ከቀበቶውም ሥር ጎማ አደረግሁ። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ላሜራ ግድግዳ አቆምኩ፤ ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ አንድም ሳላስቀር ደፈንኩት። ቁንጫው እያየ «ክብደት ጨመርሽብኝ» ሲለኝ «ቁርስህን ቀንስ» አልኩት። አለቃችን፣ የጋራዡ ባለቤት ማለቴ ነው፣ መጥቶ በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገውና «መኪናዋ ብታልቅ እንኳ ይሄ ይቀራል» ብሎ ሄደ። እሱ ሰው ሲያመሰግን ከዚህ በላይ አይናገርም።

በማግስቱ ቤንዚን ከመጨመራችን በፊት የማሳ ሽቦውን ልፈትሽ ብዬ ቴስተር አወጣሁ። ኤሌክትሪኩን ከሰልባትዮው አፍ ወደ ሻንሲው የምታወርደዋን ቀጭን ሽቦ ማለቴ ነው። ከቦቴህ ኋላ መሬት ለመሬት የምትጎተተዋ ሰንሰለት ትዝ ትልሃለች? እኛ ልጆች ሆነን የመኪናዋ ጅራት ትመስለን ነበር። ቁንጫው አንዴ ጅራቷን አዞርኩ ብሎ እጁን ያቆሸሸ ጊዜ፣ አንስተህ ትከሻህ ላይ አድርገህ «ይቺ ናት አባትህን ማታ ማታ ወደ ቤት የምትመልሰው» ያልከው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እንግዲህ ሽቦዋ የእሷው ልጅ መሆኗ ነው። ቴስተሩን ብነካው ዝም። እንደገና ብነካው ዝም። ሽቦው አልተቆረጠም፣ ብሎኑም ጠብቋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ ሌሊቱን የተሠራ ሥራ አለ፤ ማቀፊያዬ ቀለም ተቀብቷል! እኔ ወደ ክፍሌ ከወጣሁ በኋላ ቁንጫው ብቻውን አምሽቶ ብሎን የሚቀመጥበትን ቦታ እንኳ ሳይለይ በወፍራም ቢጫ ለብጦታል፣ ሽቦዋንም መልሶ በቀለሙ ላይ አስሯታል። ከሥር ጎማ፣ ከላይ ቀለም ሆኖ ሰልባትዮው ከመኪናዋ ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም።

ደሜ ፈላ። «አንተ ቀለም ቀቢ! ቤት ልታስውብ ነው የመጣኸው? በዚህ ላይ ቤንዚን ብንቀዳ ብልጭ ቢል ማን ሊሰበስብህ ነው?» ብዬ ጋራዡን አናጋሁት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የአባዬ ቦቴ ቀለም እኮ ነው» አለኝ።

ቀረብ ብዬ ሳየው እውነትም ያው ቢጫ ነው፤ በጎኑም ያቺ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለችበት። ያን ቀለም ለማግኘት ስንት ቀለም እንደደባለቀ እንጃለት። ከልቤ አዘንኩለት አባዬ። ማንም በማያየው ቦታ፣ ከመኪና ሆድ ውስጥ፣ አንተን ሊያስቀምጥህ ነበር የፈለገው። የብርጭቆ ወረቀት ሰጠሁትና በብሎኑ ዙሪያ ያለውን ራሱ ፋቀው። ብረቱ ፍንትው ብሎ እስኪያበራ ፋቀው። ሽቦዋን አስረን ቴስተሩን ስነካው ጮኸ። ሁለታችንም እንደ ሞኝ ሳቅን።

አሁን ወደ ባለፈው እሁድ ልምጣ። ጨክነህ አንብበው፤ ደህና ነው ብዬሃለሁ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ከፊቱ ያለው መኪና ተሽከረከረና ቁንጫው ፍሬን ያዘ። ከኋላው የነበረው ግን ፍሬኑ አልደረሰለትም፤ መጥቶ ጀርባውን ዳመጠው። ድምፁን ሰምቼ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ያኔ ነው አንተ ደጃፍ ላይ የቆምክበት ምክንያት የገባኝ። ዓይኔ እሱን መፈለግ ሲገባው ጭስ ይፈልግ ነበር። ጭስ አልነበረም። ልጅህ ቀበቶውን ፈትቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ በእግሩ ወጣ።

መኪናዋን ጎትተው ሲያመጡልን ኋላዋ ተኮራምቶ ግማሽ ሆኗል። ማቀፊያው ጎብጧል፣ የብረት ሣጥኑም ጎኑ ገብቷል። ከረጢቱ ግን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ትልቁን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ቁንጫው ራሱ እጁን አስገብቶ ለክቶ አየው፤ ትልቁ ሊደርስበት የነበረው ቦታ ጭራሽ ተደፍጥጧል። ጉንጬን ሳመኝ። ሽቦዋ ናት ያዳነችው ብዬ አልዋሽህም፤ ያዳነው ከረጢቱና አቀማመጡ ነው። እንደማይፈራ ለማስመሰል ይስቃል እንጂ የዚያን ቀን ብርጭቆውን ይዤ ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ውኃውን ዋጥ አድርጎ መጀመሪያ ያለኝ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ነው። እሺ ብዬው ነበር። ይኸው ነገርኩህ።

ከእንግዲህ ይተወዋል ብዬም አላታልልህም። አሁንም የፍሬን ሸራ ነው የሚያወራው። ቤንዚኑን እስኪያወርድ የምትጠብቅ ከሆነ ዕድሜ ልካችሁን ልትኳረፉ ነው። እኔ የምለምንህ ውድድሩን እንድትወድለት አይደለም፤ ፍራ፣ ተቆጣ፣ ብትፈልግ ስደበው። ብቻ ድምፅህን አትከልክለው። እሁድ ዕለት ለዘለዓለም እንደተኮራረፋችሁ ልትቀሩ ነበር እኮ አባዬ! ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይህን ደብዳቤ በምታደርስልህ ሴትዮ እጅ አንድ የተጠቀለለ ነገር አለ። «ሰው ለአባቱ ሹራብ ይልካል፣ አንቺ ብረት ታሸክሚኛለሽ?» ብላ አጉረምርማብኛለች፤ እባካችሁ በደንብ አስተናግዱልኝ። ከጎበጠው ማቀፊያ ቆርጬ ያወጣሁት ቁራጭ ነው። መነጽርህን አድርግና እየው። ጎባጣውን አይተህ አትደንግጥ፤ መጉበጥ የነበረበት እሱ ነው፣ ጎብጧል። ቀለሙን ታውቀዋለህ። ጫፉ ላይ ተፍቆ የሚያበራው ቦታ የልጅህ እጅ ነው።

ለእማዬ አንገቷን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ስለ ግጭቱ ግን አንተው በዘዴ ንገራት፣ ያን ያህል እንኳ ሥራ ያዝልኝ። አክስቴ ጥርሷን ተነቅላ ተገላገለች ወይስ አሁንም ሰፈሩን ታስጨንቃለች? ለእሷም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለታላቅ እህቴና ለመንትዮቿ፣ ሱሪዬን ሁልጊዜ ለሚያሳጥርብኝ ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊም ሰላም በልልኝ።

ከቁንጫው የተላከ ሰላምታ የለም፤ ለአንተ መጻፌንም አያውቅም። የስልክ ቁጥሩ ያው የድሮው ነው፣ እማዬ ዘንድ አለ። አንተ መሆንህን ሲያውቅ ወዲያው አይመልስልህም፤ ደንግጦ ዝም ይላል። የተቋረጠ መስሎህ እንዳትዘጋው አባዬ። ትንሽ ጠብቀው።

በያጇ ልጅህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሚያዝያ ፱ ቀን