ቡፌ ውስጥ የከረመው መክተፊያ

ልጄ፣ የእኔ ዓለም፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ተወ።

የድንች መክተፊያ ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን ብለሽኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ የላክሽልኝን ውዱን ለእንግዳ ብዬ ከነካርቶኑ ቡፌ ውስጥ አስቀምጬ፣ የጣት መከለያ በሌለው በርካሹ ስከትፍ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ባለፈው በቪዲዮ ስትደውዪ እጄን ጠረጴዛ ስር የደበቅሁት ለዚያ ነው። አባትሽ ተቆጥቶ ካርቶኑን ቀደደው። አሁን የሚከትፈው እሱ ነው፤ ሁለት ብንቀርም ዛሬም የሦስት ሰው ድንች ይከትፋል።

ውድም ይሁን ርካሽ፣ መከለያ ያለውን ግዢ። ገዝተሽም እንደ እኔ አትደብቂው።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ስትደውዪ ፊትሽን ብቻ ሳይሆን ጣቶችሽንም አሳዪኝ።

እናትሽ